ግድየለም

ባጃጁ አልጭንም አለ፤ «ለውሻ ቦታ የለኝም»፤
ከሄርማታ በእግር መጣን፣ ዝናቡም አላባራልንም።
የቡና ጆንያ መስፊያ ሲባጎ አንገቱ ላይ ቋጥሬ፣
እሱ ወደ ሥጋ ቤት ሲስበኝ፣ እኔ እንደ ችካል ተገትሬ፣
ደረስን እንደምንም፤
ካልሲዬ ደረቅ ቦታ የለውም።

ከእንስሳት ሕክምናው ግቢ፣ ከቆርቆሮው አዳራሽ ደጅ፣
ጃንጥላ የያዘች መዝጋቢ ልጅ
«ስም?» አለችኝ።
«ስንዱ» አልኳት።
«ያንቺን አይደለም፣ የውሻውን።»
«ግድየለም» አልኳት።
«እንዴት ግድ የለም? ግድ አለው እንጂ እትዬ፣
ሰርተፍኬቱ ላይ ይጻፋል!»
ሳቅ ከኋላዬ ፈነዳ፤ እሱ ግን ስሙን ሰምቶ
ጅራቱን ቆላ፣ ጭቃውን ቀሚሷ ላይ ረጭቶ።

ውሻ በያይነቱ ሞልቷል። ሸምሲያ ከቦሳ ኪቶ፣
የሷ ነጭ፣ ሹራብ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ተቀብቶ፤
መቶ አለቃ ኢርኮ፣ ጡረተኛ፤
«ቁም!» ብለው ሲጮኹ ሰዉ ቆመ፣ ውሻቸው ግን ተኛ።
አንድ ልጅ፣ ሚልኪ፣ ቡችላውን በደብተር ቦርሳ ይዞ፣
ሒሳብ ደብተሩን አስበልቶ፣ ከሰቃ ድረስ ተጉዞ።
ዶክተር ነጂብ መሃል ቆመ፤ ኪሱ የተቀቀለ ጉበት፣
ሃያ ውሻ ዐይኑን ጥሎበት።
«የመጣችሁት» አለን «ውሻ ላሠልጥን ብላችሁ፤
ውሻስ ይማራል፤ የቸገሩኝ እናንተ ናችሁ።»

ስሙን ባሌ ነው ያወጣው፣ ተገኝ፣ አፈር ይቅለለው፤
ወርዶፋ፣ የጎን ጎረቤት፣ አጥራችንን አንድ ክንድ ገፋው።
ተገኝ ቀበሌ አልሄደ፣ ሽማግሌ ፊት አልወጣ፤
ቡችላ በኮቱ ጉያ ወሽቆ አንድ ማታ መጣ።
ከዚያ ወዲያ ጎህ ሲቀድ አጥሩ ሥር ቆሞ ይጣራል፦
«ግድየለም! ና ግድየለም!»
ወርዶፋ መስኮት ይዘጋል።
ተገኝ ካለፈ ሦስት ዓመቱ። ስፌት መኪና ተወልኝ፣ ትንሽ ዕዳ፣
ያን ጩኸትም፣ ከነአጥሩ፣ ከነቀዳዳ።

ተራዬ ደረሰ። ዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው በፊታችን ያልፋል፤
«ሳይጮህ ካሳለፈው» አለ ዶክተሩ «ጉበት ይበላል።»
ግድየለም ጥርሱን አሳየ፤ ጠጉሩ እንደ ጃርት ቆመ፤
«ግድየለም! ተው!» ብዬ ስጮህ
የሚልኪ ቡችላ ደንግጦ ቦርሳው ውስጥ ከተመ።

ዶክተሩ ሲባጎውን በሁለት ጣት ከእጄ ወሰደ፤
ያው ሰውዬ ተመልሶ አለፈ፤ ውሻዬ አዛግቶ ሄደ።
«አየሽ» አለኝ፣ «እሱ ሳያይ መጀመሪያ እጅሽ ያያል፤
ድንጋጤሽ በገመዱ ይወርዳል፤
እሱ ምን ያድርግ? በበላበት ይጮኻል።
እስኪ ስሙን ቀስ ብለሽ ጥሪው። እንደ ሰው። እንደ ምክር።»
ሞከርኩ። አልወጣም።
ያን ስም ያለ ጩኸት አላውቀውም ነበር።
ጉሮሮዬን ጠርጌ «ግድየለም» አልኩ፣ ለራሴ ይሁን ለሱ፤
ዞር ብሎ አየኝ። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለ፣ ጉበት ሳያይ፣ እሱ።

አመሻሽ፣ ሰርተፍኬት በፌስታል፣ አዌቱን ተሻግረን ስንደርስ፣
ወርዶፋ አጥሩ ሥር ጎንብሷል፣ የዘመመ እንጨት ሲመልስ፤
ሚስማር በከንፈሩ ይዟል።
ውሻዬ ማጉረምረም ጀምሯል።
እጄ ሊጨብጥ ሲል ያዝኩት፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታሁ፣
ሲባጎው ጭቃ እስኪነካ አላላሁ፣
«ግድየለም» አልኩ። በቀስታ። እንደተማርኩት።
ውሻው ዝም አለ።
ወርዶፋ ሚስማሮቹን ከአፉ ሲያወጣ አየሁት፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መዳፉ ላይ ቆጠራቸው። ቀና አላለም።
«ስንዱ» አለኝ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ «ያ አንድ ክንድ…»
ቀሪውን ዝናቡ በላው።
ለውሻው ነው አላልኩትም።